ከንጉሡ ቤት የወጣ

ቢሾፍቱ አሮጌ የቤት ዕቃ ልትገዙ ከሄዳችሁ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። የምታዩት ወንበር ሁሉ ከጃንሆይ ቤተ መንግሥት የወጣ ነው። ጠረጴዛውም፣ ኮመዲኖውም፣ ጥጉ የተሰነጠቀው መስታወትም። እኔ ሦስት ቅዳሜ ተመላልሼ የቆጠርኩት ብቻ 11 የንጉሥ ወንበር፣ 4 የንጉሥ ቡፌና አንድ የንጉሥ ልብስ መስቀያ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ጃንሆይ የኖሩት ቤተ መንግሥት ውስጥ ሳይሆን መጋዘን ውስጥ ነበር።

የሄድኩት ለራሴ አይደለም። አሜሪካ ያደገች የአክስቴ ልጅ ባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ ስድስት ክፍል ያላት ማረፊያ እያሠራች ነው። በስልክ የነገረችኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ሁሉም ነገር የድሮ ይሁን።» የትኛው ድሮ እንደሆነ ስጠይቃት ሳቀች። «ታሪክ አይደል እንዴ የተማርሽው? በይ እንግዲህ ዲግሪሽን ጥቅም ላይ አውይው።» እኔም አዋልኩት። ዲግሪዬ በአራት ዓመቱ የመጀመሪያ ክፍያውን ያገኘው የወንበር ሆድ እየገለበጠ በማየት ነው።

ለምን ቢሾፍቱ? ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወጥቶ እሁድ ማታ ለመመለስ የተሠራች የምትመስል ከተማ ናት፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኙ ሐይቆች፣ ሞቅ ያለ አየር፣ ዓሣ። የጅቡቲው ባቡር በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት «እንደ ፈረንጅ» ካላልኩ የእኛው ነው) መንገዱ በዚህች ከተማ በኩል ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚመራቸው ስዊድናውያን መጥተው አየር ኃይሉን እዚሁ ማሠልጠን ጀመሩ። ጃንሆይ ስሟን ደብረ ዘይት አሏት፤ የእረፍት ቤተ መንግሥትም ነበራቸው። ንጉሥ ያረፈበት ቦታ መኳንንቱና ሀብታሙ አብሮ ማረፉ አይቀርም፤ በየሐይቁ ዳር ቪላ ተሠራ። ቪላ ከተሠራ ደግሞ ዕቃ ይገባል፤ ፎቴ፣ ቡፌ፣ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን፣ አባዡር።

እስቲ ቃላቱን ስሟቸው። ወንበር ከግዕዙ መንበር የመጣ የራሳችን ነው። ጠረጴዛ ሥሩ ግሪክ ነው፤ ትራፔዛ። ፎቴና አባዡር ፈረንሳይኛ፣ ኮመዲኖ ጣሊያንኛ፣ ሰንዱቅ ዓረብኛ። በርጩማ ብላችሁ ስትጠሩ አጠገባችሁ ያለው የቢሾፍቱ ሰው በኦሮምኛ ባርጩማ ይላችኋል፤ ተግባብታችኋል። አልጋ ደግሞ መተኛ ብቻ አይደለም። ልዑሉን «አልጋ ወራሽ» ብለን የጠራን ሰዎች ነን፤ ሥልጣንና መኝታን በአንድ ቃል ያሰርን። ስለዚህ አንድ ነጋዴ «ይሄ የንጉሥ አልጋ ነው» ሲለኝ ብዙም አልቀየምኩትም። ቃሉ ራሱ አሳስቶት ሊሆን ይችላል።

የሚሸጡት ሰዎች በየቦታው ተበትነው ነው ያሉት። አንዱ በአሮጌው የአዳማ መንገድ ዳር በቆርቆሮ መጠለያ ሥር፣ ሌላው አናጢ ቤት ጓሮ፣ ሌላው የሚኖርበት ሳሎን ውስጥ። ቅዳሜ ጠዋት ዋጋው አንድ ነው፣ የሪዞርት እንግዳ ከቁርስ በኋላ ሲወጣ ሌላ ነው። ስለዚህ ከሦስት ሰዓት በፊት ድረሱ። ነጠላ ልበሱ፣ ፀሐይ መነጽር አታድርጉ። (ይሄን ምክር የሰጠኝ ራሱ አንድ ነጋዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድ ብር አልቀነሰልኝም።)

መጀመሪያ የፈለግኩት የጅማ ወንበር ነበር። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ ባለ ሦስት እግር፣ ጀርባው ሰፊ፤ ብዙ ጊዜ ከዋንዛ። ሚስማር የለውም፣ ኮላ የለውም። ሦስት እግር የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው፤ የአፈር ወለል ወጣ ገባ ስለሆነ አራት እግር ይወዛወዛል፣ ሦስት እግር የትም ቢያስቀምጡት ይቆማል። ጅማን ከ1870 እስከ 1924 የገዙት አባ ጅፋር ዳግማዊ የተጠቀሙባቸው ዕቃዎች ዛሬ ጅማ ሙዚየም ውስጥ ይታያሉ። እነሱን ያየ ሰው መንገድ ዳር የቆመውን ቶሎ ይለያል ብዬ አስቤ ነበር። አልለየሁም። አዲሱን ወንበር ጥላሸትና ቅቤ ቀብተው፣ ወጥ ቤት ጭስ ላይ ጥቂት ሳምንት ሲያቆዩት የመቶ ዓመት ሽማግሌ ይሆናል።

ያስተማረኝ አንድ አናጢ ነው። «ገልብጪው» አለኝ። እውነተኛ አሮጌ ወንበር ፊቱ ሳይሆን ሆዱ ነው የሚናገረው። እጅ የማይደርስበት የመቀመጫው ሥር ገርጣ ያለ፣ የመሮ ምት ያልጠፋበት መሆን አለበት። የእግሮቹ ጫፍ እኩል ካለቀ ተጠራጠሩ፤ ሰው ወደሚወደው ጎን ነው የሚደገፈው፣ ስለዚህ አንዱ እግር ከሌላው ቀድሞ ያልቃል። ጥቁሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ ስታሹ ጨርቁ ከጠቆረ ጥላሸት ነው። የተገጣጠመ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ብሎኑን እዩ። አናቱ ላይ መስቀል ያለበት ብሎን አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ የወጣው እንደ ፈረንጅ በ1930ዎቹ ነው፤ ምኒልክ ያረፉት በ1906። «የምኒልክ ዘመን» የተባለ አንድ መደርደሪያ ስምንት መስቀለኛ ብሎን ነበረው። ለባለቤቱ አልነገርኩትም። የሚገርም ፈገግታ ነበረው።

የሲንገር የስፌት መኪና እግር ላይ የእብነ በረድ ጠፍጣፋ አስቀምጠው ጠረጴዛ ያደረጉትንም በየሪዞርቱ አይታችሁት ይሆናል። ያ ብረት የራሱ መታወቂያ ነበረው። የመኪናው አካል ላይ በፊደል የሚጀምር ተከታታይ ቁጥር አለ፤ በዚያ ቁጥር መኪናው በየትኛው ፋብሪካና በየትኛው ዓመት እንደተሠራ ይታወቃል። ብዙዎቹ የወጡት ስኮትላንድ ክላይድባንክ ከነበረው ትልቅ ፋብሪካ ነው፤ እንደ ፈረንጅ በ1980 ተዘግቷል። ጠረጴዛ ሲያደርጉት ግን መጀመሪያ ነቅለው የሚጥሉት ቁጥሩ ያለበትን አካል ነው። እግሩ ቆንጆ ነው፣ ልደቱ ተጥሏል።

ቡፌውን ያገኘሁት ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ነው። ጥቁር ቡናማ፣ ባለ ሁለት ተንሸራታች መስታወት፣ ከታች ሦስት መሳቢያ፤ እግሮቹ ወደ ታች እየቀጠኑ የሚሄዱ፣ የ1950ዎቹ ሞገስ ያለው ዕቃ። ሻጩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ስጠጋ ሳያዩኝ ጀመሩ፤ «እሱማ ከንጉሡ ቤት የወጣ ነው።»

ከግድግዳው ስቤ ጀርባውን አየሁት። በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል፤ በግድየለሽ ብሩሽ። ከእሱ ሥር የተፋቀ ሌላ ቁጥር አለ፣ ቀይ።

ይሄን ዓይነት ቁጥር የማያውቅ አለ? ቀበሌ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ከጀርባው ነበረ። የንብረት ቁጥር ነው። «ጋሼ፣ ንጉሡ ወንበራቸውን በቀለም ይቆጥሩ ነበር እንዴ?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ፤ ከዚያ ሳቁ። «ተቀመጪ ልጄ። ቡና ይምጣልሽ። የመንግሥት ቤት ዕቃ ነው፤ ጨረታ ወጥቶ ገዛሁት።» ያገለገሉ ንብረቶች ሽያጭ ጨረታ፤ ጋዜጣ ጀርባ ላይ ሁልጊዜ የምናልፈው ማስታወቂያ። ከዚያ በፊት የማን ነበር ስላቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ። «የሰው ነዋ።»

እዚህ ጋ ነው ታሪኩ የሚከብደው። ሐምሌ 1967 ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት የሚያደርገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፤ የተረፈው ለመንግሥት። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች። በዚህ አዋጅ ጣራ ያገኘ ብዙ ሰው አለ፤ የኔ ቤተሰብ አንዱ ነው፣ ስለዚህ እንደ ዘረፋ ብቻ አድርጌ ልናገረው አልችልም። ግን የሐይቅ ዳር ቪላ በባሕርይው ሁለተኛ ቤት ነው። አዲስ አበባ ቤት ያለው ሰው የሚያርፍበት ትርፍ ቤት። የቢሾፍቱ ቪላዎች ለዚያ ቃል ልክ የተሰፉ ነበሩ። አዋጁ በስሙ ቦታና ቤት ይላል፤ ወንበር አይልም። ታዲያ ቤቱ ውስጥ የነበረው ወንበርስ? አንዳንዱ በሌሊት ተጫነ። አንዳንዱ ለዘመድ ተሰጠ። አንዳንዱ ባለቤቱ ታስሮ ወይም ተሰዶ እዚያው ቀረ፤ ቀለምና ቁጥር ተቀባ። አንዳንዱ ደግሞ አደራ ተሰጠ።

አያቴ ከእነዚህ ቪላዎች በአንዱ ወጥ ቤት ነበረች። አሠሪዎቿ በ1968 «ለሕክምና» ብለው ወጡ። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ሰጥተው «እስክንመለስ» አሏት። አያቴ ከዚያ አዲስ አበባ ገባች፤ የቀበሌ ቤት ደረሳት፤ አንድ ክፍል። ቁም ሣጥኑ የክፍሉን ሲሶ ያዘ። እኔ ሳውቃት የእሷ ቀሚስ የሚሰቀለው ግድግዳ ላይ ሚስማር ላይ ነው። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሁለት አንሶላና የብል መድኃኒት ብቻ። ለምን አትጠቀሚበትም ስንላት መልሷ አንድ ነበር፤ «የሰው ነው።» በየዓመቱ ለፋሲካ በዘይት ትወለውለው ነበር። ሰዎቹ ደብዳቤ እንኳ አልጻፉም። ወይም ጽፈው አልደረሰም። ቢሞቱም አላወቀችም።

እሷ ያረፈችው ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ነው። አርባዋ ከወጣ በኋላ አጎቴ ቁራሌው ጠራ።

ቁራሌው ማለት እንግዲህ ታውቁታላችሁ፤ «ቆርቆሮ ያለው!» ከሚለው ጥሪ ተጨምቆ የወጣ ስም ነው ይባላል። ማዳበሪያ ተሸክሞ በየሰፈሩ ይዞራል፤ የገዛውን መርካቶ ምናለሽ ተራ ያደርሳል። መርካቶም ቢሆን ስሙ ጣሊያንኛ ነው፤ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች የሀገሬውን ገበያ ከአራዳ አንስተው ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩት የሰጡት ስም ቅሪት። የሌላው ነጋዴ ጥሪ ደግሞ «ልዋጭ!» ነው። ያረጀ ልብስና ዕቃ ይወስድና ፕላስቲክ ሳህን ይሰጣል። የአያቴ ትልቁ መሶብ በዚህ መንገድ ነው የሄደው፤ በአንድ አረንጓዴ ሳፋ ተለወጠ። እናቴ ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር፤ ሳፋው አይበሰብስማ። በዚህ ጉዞ ባቦጋያ ዳር እንደዚያው ያለ መሶብ ዋጋ ስጠይቅ የተነገረኝ ብር እናቴ በወር ከምታገኘው ጡረታ ይበልጣል።

ቁም ሣጥኑ ከአልጋው ጋር 450 ብር ነው የተሸጠው። በሩ ጠባብ ስለነበር ማለፍ አቃተው፤ መስታወቱን እኔ ነኝ ፈትቼ የሰጠኋቸው። ማንም አልጠየቀኝም፤ መፍቻ የት እንዳለ ስለማውቅ ብቻ። አንሶላዎቹን እናቴ አወጣቻቸው። ጥግ ላይ ሁለት ፊደል በክር ተጠልፎባቸዋል፤ የሰዎቹ ስም መጀመሪያ መሆን አለበት። አሁንም አሉ።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ ማረፊያ ዕቃ እየፈለግኩ ሳለ በጎን ሌላ ነገር እየፈለግኩ እንደነበር ብናገር አትሳቁብኝ። ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ባየሁ ቁጥር በሩን እከፍታለሁ። ውስጡ ግራ በኩል አያቴ የሰካችው መርፌ ያለበት ቀዳዳ ይኖር ይሆናል ብዬ። የአዲስ አበባ ቁራሌው የወሰደውን ቢሾፍቱ መፈለግ የሞኝ ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ዕቃ ይዞራል። ከዚያው ከተማ ነው የወጣው፤ ሪዞርት ያለበት ቦታ ደግሞ የአሮጌ ዕቃ ማጠራቀሚያ ነው። አምስት ከፈትኩ። አንዱም አይደለም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አንድ ሰው ወደ ጓዳ አስገባኝ። ጨርቅ ገልጦ ብራና አሳየኝ፤ ሽፋኑ የእንጨት፣ ጠርዙ በአይጥ የተበላ። «ለሎቢ ያምራል፣ መስታወት ውስጥ ብታደርጊው።» ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም። ብጠይቅም «ከንጉሡ ቤት» አይለኝም ነበር፤ ከየት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በሚያዝያ 1860 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ዘርፎ፣ ዘረፋውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ፣ ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ጨረታ አወጣ፤ ገንዘቡንም ለወታደሩ አከፋፈለ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው እዚያው ቆሞ ገዝቷል። እሱም ደረሰኝ ነበረው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ የእኔ ገዢ ግን ሀገር ውስጥ ናት፣ ሎቢዋ ባቦጋያ ነው። ሕጉ ያዘኝ ብዬ አላታልላችሁም። የከለከለኝ ያ ጨርቅ ነው። ንጹሕ ነበር፣ የታጠበ ነጠላ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ተጠቅልሎ የመጣበት ይመስለኛል። «ይቅርታ ወንድሜ» ብዬ ወጣሁ። ለማን እንደሸጠው አላውቅም። ለማንም መንገር ነበረብኝ፣ አልነገርኩም። ይሄም ተጽፎ ይቀመጥ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ስለ ቡፌው አንድ ሰዓት ያህል ተከራከርን። እሳቸው ከንጉሡ ቤት ሲሆን የጠሩትን ዋጋ ከመንግሥት ቤት ሲሆንም አልቀነሱም። «ንጉሡን ካወጡት ዋጋውም ይውጣ እንጂ ጋሼ» ስላቸው፣ «መንግሥትም ንጉሥ ነው ልጄ» አሉኝ። ምን ይመለሳል? ከፈልኩ። ሁለት የጅማ ወንበርም ወሰድኩ፤ አንዱ አሮጌ፣ አንዱ ባለፈው ክረምት የተሠራ። የአዲሱን ሠሪ አግኝቼዋለሁ፤ ወጣት ነው፣ እጁ ጎበዝ ነው። ጥላሸት እንዳይቀባው ነግሬው ሙሉ ዋጋ ከፈልኩት። ለምን እንደሆነ ገባው መሰለኝ፤ መቀመጫው ሥር ስሙን በመሮ ጻፈበት።

ቡፌውን ማረፊያው ስናደርስ የአክስቴ ልጅ በቪዲዮ እያየች ነበር። ወደደችው። ከዚያ አናጢው ሊወለውለው ሲያዞረው ጀርባው ታየ።

«ያ ቁጥር ምንድነው?» አለች።

ነገርኳት። የአያቴን ቁም ሣጥን ግን አልነገርኳትም። እሷም የአያቴ ልጅ ልጅ ናት፤ ቁም ሣጥኑ ሲወጣ ግን አሜሪካ ነበረች። ትንሽ አሰበችና «ደስ አይልም፤ ይፋቅ» አለች። ቡፌው የእሷ ነው፣ ብሩም የእሷ። አናጢው የብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ እኔን አየኝ።

«ጀርባው ግድግዳ ነው የሚሆነው፣ ማንም አያየውም» አልኩት። ስልኩን ወደ ሐይቁ አዞርኩላት።

ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ወለል ሊያጸዱ ቡፌውን ስበውት ኖሮ አንድ እንግዳ ቁጥሩን አይቶ «ይሄ የክፍል ቁጥር ነው?» ብሎ ጠይቋታል። ምን እንዳለችው ስጠይቃት ለመናገር አፍራ ነበር። ከንጉሡ ቤት የወጣ ነው ብላዋለች።